ብራዘርን ያሰርን ቀን

የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ሰው ሲታሰር ማየት አልችልም ነበር። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ዲላ ነው። ታመመ የተባለ ሰው በገመድ ተጠፍሮ ባጃጅ ላይ ሲጫን በልጅነቴ አይቻለሁ። ያ ግን የሰፈር ነገር ነው፣ ሆስፒታል ውስጥ ሌላ ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው። ኮሌጅ ሳለን ስለ ማሰር የተነገረን ትንሽ ነገር ነው። «የመጨረሻ አማራጭ» ብለን ደብተራችን ላይ ጻፍንና ወደ ሌላ ርዕስ አለፍን።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ታሞ የተኛ አንድ ተማሪ የዋርዱን መስኮት በክርኑ ሰበረ። ጥበቃዎቹ ሮጠው ገቡ። አንዱ እግሩን፣ ሌላው አንገቱን ይዞ መሬት ላይ ጣሉት። እኔ መድኃኒት የሞላሁትን መርፌ እንደያዝኩ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል። መርፌውን ከእጄ ወስዶ የወጋው ክፍሉን የሚመራው ነርስ ነበር።

ይህ ሰው በዕድሜ ከእኔ ብዙ ይበልጣል፤ ግን አንቱታ አይወድም። ሐኪሙም፣ ጥበቃውም፣ ታካሚውም «ብራዘር» ነበር የሚለው፤ እኔም እንደ ሰዉ «ብራዘር» እያልኩ በአንተ አናግረው ነበር። ከኮቸሬ በኩል የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር በጌዴኡፋ ያወራል፣ ከከተሜው ጋር በአማርኛ፤ ኦሮምኛና ሲዳምኛም ቢሆን የሚያግባባውን ያህል ያውቃል። ትልቅ ሰውነት አለው፤ ድምፁ ግን ዝግ ያለ ነው። እሁድ እሁድ ጸሎት ቤታቸው መዘምራን ውስጥ ይዘምራል ይባላል።

ተማሪው እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ወደ ነርሶች ክፍል ጠራኝና ከመሳቢያ ማሰሪያ አወጣ። ከወፍራም ሸራ የተሰፋ፣ ከመታጠብ ብዛት ቀለሙ የለቀቀ ነው። የራሱን ክንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«እሰሪኝ» አለኝ።

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«እሰሪኝ እንጂ! ካልቻልሽበት ሰው ትጎጃለሽ። ከጠበቀ ደም ይይዛል፣ ከላላ ያመልጣል። ሁለት ጣት ማስገባት አለበት። ሁለት ጣትሽን ክተቺ። አዎ፣ እንደሱ።»

«አያስጨንቅህም ግን ብራዘር?»

«ምኑ?»

«ሰው ማሰሩ።»

«የምናስረው በሽታውን ነው» አለ፣ ክንዱን ከማሰሪያው እያወጣ። «እኛ ባናስረው ዘመዶቹ ጓሮ ወስደው እንሰት ውስጥ በሰንሰለት ያስሩታል። የእኛ ቢያንስ መጨረሻ አለው። ደግሞ ሲሻለው አያስታውሰውም። አትጨነቂ።»

አመንኩት። በሰው ላይ እጁን ጫን አድርጎ የሚያረጋጋ፣ ጠያቂ ለሌለው ታካሚ ከቤቱ ምሳ የሚያመጣ ሰው ነው፤ እንዴት አላምነውም?

ሰው ይለምዳል። እኔም ለመድኩ። ክፍላችን ክፉ ሰዎች የተሰበሰቡበት ቦታ አልነበረም። ከአለባበሳችን ጀምሮ እንደ ማንኛውም ክፍል ነን፤ ስለ ልጆቻችን እናወራለን፣ ልደት ሲኖር ዳቦ እንቆርሳለን። ግን በዚያው አፋችን አልተኛም ያለውን ታካሚ «መርፌ ይምጣልህ እንዴ?» እንለዋለን። በር ላይ ቆሞ ወደ ቤቴ ልሂድ እያለ የሚነዘንዘውን «ማሰሪያው ናፈቀህ መሰለኝ» ብለን እንስቃለን። እኔም ስቄያለሁ። ሠራተኛ ባነሰ ቀን ደግሞ አንድ የሚቅበጠበጥ ሰው ካለ ምሳ እስክንበላ ድረስ ይታሰራል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቀድሞም የተለመደ ነው።

ብራዘር መለወጥ የጀመረው ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ነው። ከተማው በጭነት መኪና ተሞልቷል፣ ከገጠር የሚገባው ሰው ሁሉ ይቸኩላል፤ እሱም አብሮ የቸኮለ ነበር የሚመስለው። የሌላ ሰው ተራ እየለመነ መሥራት ጀመረ። ጎበዝ አልነው። ንግግሩ ፈጠነ፤ አንድ ሐሳብ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣበታል። ደስ ብሎታል አልን። አንድ ጠዋት በነጠላ ጫማ መጣ፤ ቆዳ ጫማውን ለአንድ ታካሚ ሰጥቶት ነበር። እንዴት ያለ ልብ ነው ተባባልን።

አስተማሪ የሆነችው ሚስቱ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀጥታ መጥታ ግቢው በር ላይ ጠበቀችኝ።

«እኅቴ፣ ባለቤቴ ልክ አይደለም» አለችኝ። «እንቅልፍ የሚባል የለውም። ሲዘምር ያነጋል። ልጆቹ ፈርተውታል። እባክሽ ለዶክተሩ ንገሪልኝ፣ እኔ ብነግራቸው ስሙ የሚጠፋ እየመሰለኝ ነው።»

«ደክሞት ይሆናል፣ ሥራ አብዝቷል» አልኳት።

ያም ሆኖ ለዶክተሩ ነገርኩት። ዶክተሩ ከት ብሎ ሳቀ። «ብራዘር? እሱ እኮ ነው ሁላችንንም የሚያክመን!» አለ። እኔም አብሬው ፈገግ አልኩ። አንድ ገበሬ ሚስቱን ይዞ መጥቶ ያንኑ የእንቅልፍ፣ የዝማሬ፣ የጫማ ነገር ቢነግረን ኖሮ ቁጭ ሳይል ነበር በሽታውን የምንነግረው። በራሳችን ሰው ላይ ሲሆን ዓይናችን ተሸፈነ።

ያ ቀን ጠዋት ዘንቦ ቆይቶ ፀሐይ የወጣበት ቀን ነበር። ምሳ ሰዓት ተቃርቧል። እኔ መድኃኒት የሚታደልበትን ሳሕን ይዤ ከአልጋ አልጋ እየዞርኩ ነው። የዋርዱ የብረት በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ የዋናው መተላለፊያ በር ተከፈተ። ቀና ስል ብራዘር ቁልፉን ወደ ላይ ይዞ በሩ መሐል ቆሟል። ፊቱ ያበራል። እንደዚያ ያማረ ፊት አይቼበት አላውቅም።

«ሁላችሁም ድናችኋል!» ብሎ ጮኸ። «ወደየቤታችሁ ሂዱ! የሚያስራችሁ የለም! ተነሡ!»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ታካሚዎቹም እንደኔ ግራ ገባቸው፤ አንዳንዱ ቆመ፣ አንዳንዷ ወደ አልጋዋ ሸሸች። ከዱመርሶ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በየቀኑ «ቡናዬ ዛፍ ላይ ደረቀ፣ ልቀቁኝ» የሚሉን። ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ እኔ መጡና ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ሲስተር፣ እውነት ነው?»

የመድኃኒቱ ሳሕን ከእጄ ወደቀ፤ ክኒኑ ወለሉ ላይ ተበተነ። በዚህ መሐል ሁለት ወጣቶች በሩን አልፈው ሮጡ፤ ብራዘርም እየዘመረ ተከተላቸው። ከግቢው አጥር ወዲያ አስፋልቱ ነው፤ ወደ ሞያሌ የሚወርደው ከባድ መኪና ሁሉ የሚያልፍበት። ጥሩምባ ሰማሁ፤ ሲጥ የሚል ፍሬን ሰማሁ።

ማንም አልተገጨም። ጥበቃዎቹ ወጣቶቹን ቀድመው ያዙ፤ ብራዘርን ግን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ እጁን ዘርግቶ መኪና ሲያስቆም ነው የደረሱበት። ትልቅ ሰው ነው፣ ብዙ ሆነው ተረባርበው ነው ወደ ውስጥ የመለሱት። ባዶ አልጋ ላይ በሆዱ አስተኙት። ጠዋት ጠዋት አብሮት ሻይ የሚጠጣው ጥበቃ ጉልበቱን ጀርባው ላይ አሳርፎ ያለከልካል።

ዶክተሩ መጣ። ከንፈሩ ነጥቷል። ብራዘርን አይቶ ፊቱን አዞረና ለእኔ ነገረኝ፤ «መርፌ ስጪው። ይታሰር።»

ሰጠሁት። በዚህ ጊዜ እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ራሱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከዚያ ማሰሪያውን አምጥቼ ገልብጠን አስተኛነው፤ የቀኝ እጁን ያዝኩ። ሲታገል የነበረው ሰው ድንገት ዝም አለና አየኝ። በዚያው ዝግ ባለ የማስተማሪያ ድምፁ፦

«ጠበቀ» አለኝ። «ሁለት ጣትሽን ክተቺ። አዎ፣ እንደሱ። ጎበዝ።»

ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ጥበቃው ላቡን እየጠረገ «ምሳችንም ቀዘቀዘ» አለ። አንዱ ነርስ ዛሬ ካፌ ያለው ሽሮ ብቻ እንደሆነ ነገረው፤ ሌላው ፓስታም አለ አለ። ሰው እንዲሁ ሲደነግጥ የሚናገረው ይሆናል፤ አላውቅም። እኔ የግራ እጁን አስሬ፣ እግሩን አስሬ ወጣሁ። አንሶላ ወደሚሰጣበት ጓሮ ሄጄ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ላይ መናደድ ፈልጌ ነበር፤ የምናደድበትን ሰው ግን አጣሁ። ጣቶቼ መሐል የእጁ ሙቀት ነበር።

ወደ ሐዋሳ ይወሰድ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ሚስቱ እምቢ አለች። «ዕድሜውን የጨረሰው እዚህ ነው። ከእናንተ የበለጠ ማን ያውቀዋል?» አለችን። ስለዚህ ራሱ ሲመራው በኖረው ክፍል ውስጥ ታካሚ ሆኖ ተኛ።

የሚቀጥሉት ሳምንታት ከዚያ ቀን በላይ አስደንግጠውኛል። ለዓመታት ከእሱ ጋር ከአንድ ሳሕን የበላች አንዲት ነርስ የብራዘርን ብርጭቆ ከእኛ ብርጭቆ ለይታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። «ምነው?» ስላት «ለጥንቃቄ ነው» አለች። በሽታው በብርጭቆ እንደማይተላለፍ በየወሩ ለአስታማሚዎች የምታስተምረው እሷው ናት! ካፌ ውስጥ ሌሎቹ ሲታመም የተናገረውን እየደገሙ ይስቃሉ፤ «ሁላችሁም ድናችኋል» የሚለው ቀልድ ሆነ። እሱ ሲሻለው ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አንድ ጠዋት ሻዩ ቀዝቅዟል አለ። ሻዩ በእርግጥ ቀዝቅዞ ነበር፤ እኔም ከዚያው ጠጥቻለሁ። ተራ ስንቀያየር ግን የወጣችው ነርስ ለገባችው «ብራዘር ዛሬም ትንሽ ይነጫነጫል» አለቻት። እዚያው ቆሜ ነበር። ስንት ሰው ስለ ሻይ ተናግሮ በሽታው ብሶበታል እንዳልን አሰብኩ።

ዳነ። ክብደቱ ትንሽ ቀንሶ፣ ዓይኑ ግን ጠርቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። ጓሮ እንሰቱ ጥላ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጦ ለልጁ እርሳስ እየቀረጸ ነበር። ልጁን ወደ ውስጥ ሰደደውና ሌላ ዱካ ሳበልኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሚስቱ ትምህርት ቤት አወራን። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ያን ቀን ታስታውሻለሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔም አስታውሳለሁ። ሰው ሲሻለው አያስታውስም ብዬሽ አልነበር? ውሸቴን ነው። አውቄ አልዋሸሁም፣ ግን ውሸት ነው። ሁሉንም አስታውሳለሁ።»

«ማሰራችን ጥፋት ነበር ትላለህ?»

ቶሎ ራሱን ነቀነቀ። «ኧረ በፍጹም! መኪና ሊጨርሰኝ ነበር እኮ፣ እነዚያን ሁለት ወጣቶችም ይዤ። ባታስሩኝ ይህን ጊዜ አልኖርም።»

እፎይ ልል ስል፣ ወደ መሬት እያየ ቀጠለ።

«ሱሪዬ ወርዶ ነበር።»

«ምን?»

«ለመርፌው አወረዳችሁት። ከዚያ ገለበጣችሁኝ። ማንም ከፍ አላደረገልኝም። የሴቶቹ ክፍል በር ክፍት ነበር፣ ቆመው ያዩኛል። እጄ ታስሯል፣ ራሴ ልሸፍነው አልችል። አንቺ ማሰሪያውን ትለኪያለሽ፣ ልክ እንዳስተማርኩሽ። እነሱ ከበላዬ ሆነው ሽሮ ነው ፓስታ ይባባላሉ።»

ያን ቀን ብዙ ጊዜ በሐሳቤ ደጋግሜዋለሁ። የክኒኑን መበተን፣ የፍሬኑን ድምፅ፣ የዶክተሩን ከንፈር ሳይቀር አውቃለሁ። ሱሪው ግን የለም። እዚያው አጠገቡ ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በዓይኔ ሥር የነበረውን አላየሁትም። አሁንም ሳስበው የሚያስፈራኝ አይቼ ዝም ማለቴ አይደለም፤ አለማየቴ ነው።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ያጠፋሽው አንቺ ብቻ መሰለሽ?» አለ። «ወደ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ እኔ ያሰርኳቸውን ሰዎች ፊት ላስታውስ እሞክራለሁ። አይመጣልኝም። የሚመጣልኝ እጃቸው ነው። ፊት የላቸውም።»

«ከዚህ በኋላ ሰው አታስርም ማለት ነው?»

ከውስጥ የልጆቹ ድምፅ ይሰማል።

«አላውቅም» አለ። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ቢያንስ የሚያስረው ሰው ያናግራቸው። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ይንገራቸው። ይሸፍናቸው። ከዚያ ጥሎ አይሂድ፣ ይቀመጥ። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ወደ ሥራ ሲመለስ ዋርዱን እንዲመራ አልፈቀዱለትም። «ለጤንነቱ ሲባል» ተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል ተመደበ፤ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ያስረዳል። አልተከራከረም። ወደ ዋርዱ በር ግን ዝር አይልም፤ ወደ ካፌ ሲሄድ እንኳ በጓሮ ይዞራል።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ከባንኮ ጎቲቲ አንዲት ወጣት እናት መጣች። ከመውለዷ በፊት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ቡና ትለቅም ነበር። ከወለደች በኋላ ልጁ የእኔ አይደለም፣ ቀይረውብኛል ማለት ጀመረች። እህል አልቀምስም ብላ ከስታለች። ባሏና አማቷ ናቸው ያመጧት፤ አማቷ ሕፃኑን አቅፋለች፣ ባሏ የሚስቱን እጅ ያሰረበትን የቃጫ ገመድ ጫፍ ይዟል። ቃጫው አንጓዋን ልጦት ቆስሏል።

ጥበቃዎቹ እንደተለመደው ተዘጋጅተው ቆሙ። ነርሷ መርፌ መሙላት ጀመረች።

«ቆይ፣ ትንሽ ቆዩ» አልኩ።

ከእሷ ራቅ ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በአማርኛ አናገርኳት፤ መልስ የለም፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ያኔ አንድ ሰው ብራዘርን እንዲጠራልኝ ላክሁ። መጣ፤ ግን የዋርዱ በር ላይ ሲደርስ እግሩ ቆመ። ከዚያ ገባና እንደኔ መሬት ላይ ተቀመጠ። በጌዴኡፋ ቀስ እያለ ያወራት ጀመር። ምን እንደሚላት ሁሉንም አልተረዳሁም፤ የቡና ነገር ነበረበት፣ የእናቷ መንደር ነገር ነበረበት። ጥበቃው «ሲስተር፣ ሌላ ሥራ አለን እኮ» አለኝ። ብርጭቆ የለየችው ነርስ «ድራማ ነው» ብላ መርፌውን አስቀምጣ ወጣች።

ብዙ ቆየ። እግሬ ደነዘዘ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ራሷ የታሰሩ እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች። ገመዱን ፈታሁላት። ክኒኑን ከእጄ ተቀብላ በውኃ ዋጠች።

ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ እግሬ መሬት አልነካም። ለእናቴ ነገርኳት፣ ለጓደኞቼ ደወልኩ። ያለ መርፌ፣ ያለ ጥበቃ፣ ያለ ማሰሪያ! የሚቻል ነገር ነው እያልኩ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አማቷ ሕፃኑን ለጡት አመጣችው። ሴትዮዋ ተረጋግታ ተቀመጠች፣ እጇን ዘረጋች፣ ተቀበለችው። ከዚያ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ብድግ ብላ ሕፃኑን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ወደ ሲሚንቶው ደረጃ ሮጠች። አማቷ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሕፃኑን ከእጇ ስመነጭቅ ክንዴን ነከሰችኝ፤ ጥርሷ ሥጋዬ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። ልጁን ለአማቷ ወርውሬ ያቀበልኩ ያህል ነው። ደህና ነበር፤ ባለ በሌለ ድምፁ ያለቅሳል።

ጥበቃዎቹ ሴትዮዋን ያዟት። «ማሰሪያ አምጡ» ያልኩት እኔ ነኝ። ድምፄን ሰማሁት፤ የዶክተሩን ይመስል ነበር።

ጩኸቱን ሰምቶ ብራዘርም መጥቶ ነበር። እሰር አላልኩትም። «ንገርልኝ ብቻ» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ፤ ጀርባውን ሰጥቶን እኔ የምለውን አንድ በአንድ በቋንቋዋ ይነግራታል።

«ቀኝ እጅሽን ልይዝ ነው።»

ነገራት።

«ላስረው ነው። ልጅሽ ደህና ነው፣ አማትሽ ጋ ነው። ሲሻልሽ እንፈታሻለን።»

ነገራት። ድምፁ ተሰበረ፣ ጠብቆ ቀጠለ።

ጥበቃው እንደልማዱ ጉልበቱን ሊያሳርፍ ሲል «ጉልበትህን አንሣ» አልኩት። ደንግጦ አየኝና አነሣ። መርፌ ከተወጋች በኋላ ቀሚሷን ወደ ታች ሳብኩላት፣ የአማቷን ጋቢ ከላይ ደረብኩላት። የወሬ ድምፅ ሲሰማ «ዝም በሉ» አልኩ። ከዚያ አልጋው አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ፊቴ ላይ ተፋችብኝ። ጠርጌ ተቀመጥኩ። እንቅልፍ እስኪወስዳት ክንዴ እየደማ አብሬያት ነበርኩ፤ ልክ ነው ብዬ ግን ለራሴ መናገር አልቻልኩም። ልክ አይደለም ማለትም አልቻልኩም።

በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ያሠረ ሰው ጥሎ እንዳይሄድ፣ አብሮ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረብኩ። ብራዘር በራሱ ላይ የደረሰውን ሳያነሣ «እኔም እደግፋለሁ» ብቻ አለ። ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ ቆየና «ይሁን» አለ። አሁን አንዳንዱ ይቀመጣል፣ አንዳንዱ ጊዜ የት አለ ይላል። ሠራተኛ በሚያንስበት ቀን እኔም የማልቀመጥበት ጊዜ አለ። «መርፌ ይምጣልህ?» የሚለውን ግን ብራዘር በሚያልፍበት ማንም አይለውም። በማያልፍበት እሰማዋለሁ።

ሴትዮዋ ዳነች። የወጣችበት ቀን ሕፃኑ ጡቷ ላይ ነበር፤ ጉንጯ ሞልቷል፣ ፀጉሯን ተሠርታለች። ብራዘር መድኃኒቱን ሲያስረዳት እኔ ልሰናበታት አጠገባቸው ቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝና አንድ ነገር አለችው። እሱ አልተረጎመም።

«ምን አለች?»

«ተዪው።»

«ንገረኝ እንጂ ብራዘር።»

«‹ያሰረችኝ እሷ ናት› ነው የምትለው።»

አማቷ በኀፍረት ቀልጣ ፈጠን ፈጠን እያለች ተናገረቻት፤ ልጅሽን ያተረፈችልሽ እሷ ናት እያለቻት መሆኑ ያለ አስተርጓሚ ይገባል። ሴትዮዋ አዳመጠች። ከዚያ ረጋ ብላ መለሰች፤ ብራዘርም በዚህ ጊዜ ሳልጠይቀው ነገረኝ።

«‹ልጄን ስለያዘችልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሰሯን ግን አልረሳውም› አለች።»

ራሴን ነቅንቄ ተሰናበትኳት።

አሁንም በየወሩ መድኃኒቷን ልትወስድ ትመጣለች። ልጁ መራመድ ጀምሯል፤ የተመላላሾቹ ኮሪደር ላይ ወንበር እየያዘ ይሄዳል። ብራዘርን ስታይ ትሥቃለች፣ ስለ ቤተሰቡ ትጠይቀዋለች። እኔ ከወዲያ በኩል ስመጣ ካየችኝ ጎንበስ ብላ ልጁን ከመሬት አንሥታ ታቅፈዋለች።